ትምህርት ቤቱ ሊዘጋ ነው፤ ልጆቼን የት ላግባ?

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ዲሲ፣ ኖርዝ ዌስት ነው። ባለቤቴ ታክሲ ይነዳል፣ እኔ ሆቴል ክፍል አጸዳለሁ። ትልቋ ልጃችን 4ኛ ክፍል ናት፣ ትንሹ ፕሪኬ 4 (ከኪንደርጋርተን በፊት ያለው ዓመት) ነው። ሁለቱም አንድ ቻርተር ትምህርት ቤት ነው የሚማሩት። ትንሹ ንግግሩ ስለዘገየ አይኢፒ፣ ማለትም ለእሱ ብቻ የተዘጋጀ የልዩ ድጋፍ ዕቅድ፣ አለው፤ በሳምንት ሁለት ቀን የስፒች ቴራፒ ያገኛል። ባለፈው ሳምንት፣ እዚሁ ጃንዋሪ ውስጥ፣ ማታ ወላጆችን ሰበሰቡን። ገንዘቡ በሥርዓት አልተያዘም፣ ኦዲቱ ችግር አግኝቷል፣ ቦርዱ ፈቃዳችንን ሰርዟል፣ ጁን ላይ እንዘጋለን አሉን። አስተማሪዎቹ ጭምር አለቀሱ። አሁን ወላጆች ‹ትምህርት ቤታችን አይዘጋም› የሚል ፊርማ እያሰባሰቡ ነው። ፈርሚ ሲሉኝ እሺም እምቢም አላልኩም። ባለቤቴ ደግሞ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው በወንድሙ አድራሻ እናስመዝግባቸው ይላል። ልጄ ‹እማዬ፣ የሚዘጋው እኛ ፈተና ስለወደቅን ነው?› ብላ ስትጠይቀኝ መልስ አጣሁ። ያጠፉት ትልልቅ ሰዎች፣ የሚቀጡት ልጆች። ይሄ ፍርድ ነው? ምን ይመክሩኛል?»

የሁለት ልጆች እናት፣ ከዋሽንግተን ዲሲ

እህቴ፣

ፍርድ ነው ወይ ላልሽው፣ አይደለም። ትምህርት ቤቱ መዘጋት አልነበረበትም ወይ ብትዪኝ ግን፣ ነበረበት እላለሁ። የአስተማሪዎቹን እንባ ችላ ብዬ አይደለም። ገንዘቡ የባከነበት ትምህርት ቤት ክፍት ሆኖ ሲቀጥል መጀመሪያ የሚጎድለው የልጅሽ ቴራፒስት ነው። ቀጥሎ ጥሩዎቹ አስተማሪዎች ሌላ ሥራ አግኝተው ይሄዳሉ። በሩ ክፍት ሆኖ ውስጡ ባዶ ይሆናል።

ከሀበሻ ወላጆች ጋር ሳወራ ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ሲምታታ አያለሁ። ቻርተር የግል ትምህርት ቤት የሚመስለው አለ። አይደለም። የሚተዳደረው በሕዝብ ገንዘብ ነው፤ ላንቺ በነጻ የሆነውም ለዚህ ነው። ከተማው በተማሪ ቁጥር ሒሳብ ይከፍለዋል፣ ክፍያውም የሚመጣው በየሩብ ዓመቱ ነው። ኦክቶበር ላይ ተማሪው ይቆጠራል። ለ400 ልጅ በጀት ይዞ 300 ልጅ ያገኘ ትምህርት ቤት ወጪውን ቶሎ ካልቀነሰ ገደል አፋፍ ላይ ነው። ወደ ኪሳራ የሚወስደው ሌላው መንገድ ደግሞ ጠማማው ነው። ሥራ አስኪያጆች በጎን የራሳቸውን ድርጅት ያቋቁሙና ትምህርት ቤቱ ለዚያ ድርጅት «የማኔጅመንት ክፍያ» እንዲከፍል ያደርጋሉ። አንዱ እጅ ይሰጣል፣ ሌላው እጅ ይቀበላል።

ስብሰባው ላይ «ቦርዱ» ሲሉሽ የትኛውን እንደሆነ ለዪ። ትምህርት ቤቱ የራሱ ቦርድ አለው፤ ገንዘቡን መጠበቅ የነበረበት እሱ ነው። በሕጉ መሠረት ቢያንስ ሁለት ወላጆች የዚህ ቦርድ አባል መሆን አለባቸው፤ እነማን እንደሆኑ ጠይቂ። ፈቃዱን የሰረዘው ግን የከተማው የቻርተር ትምህርት ቤቶች ቦርድ ነው። የ1995 የትምህርት ቤቶች ማሻሻያ ሕግ የሚባለው ለዚህ ቦርድ ብዙ ምርጫ አይተውለትም። አንድ ትምህርት ቤት ገንዘብ በተደጋጋሚ ሲያበላሽ ከተገኘ ፈቃዱን የመሰረዝ ግዴታ አለበት።

ስለዚህ ፊርማውን አትፈርሚ፣ ወይም ፈርመሽ እርሺው። ጉልበትሽን የሚፈልግ ሌላ ነገር አለ። ትምህርት ቤቱ መዘጋቱ ካልቀረ፣ የልጆቹን ዕጣ የሚወስነው እንዴት እንደሚዘጋና መቼ እንደሚዘጋ ነው። እዚሁ ዲሲ ውስጥ የደረሱ ሦስት ታሪኮች ላስታውስሽ።

ኦፕሽንስ የሚባል ቻርተር ነበር፤ ብዙ ልዩ ድጋፍ የሚሹ ልጆች የሚማሩበት። በ2013 የከተማው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የቀድሞ ኃላፊዎቹን በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ወደ ራሳቸው ድርጅቶች አዙረዋል ብሎ ከሰሰ። ፍርድ ቤት ገለልተኛ አስተዳዳሪ ሾመበት። ልጆቹ ግን እዚያው መማር ቀጠሉ። በ2015 ኪንግስማን አካዳሚ የሚባል አዲስ ትምህርት ቤት ቦታውን ተረከበ።

ሁለተኛው ኮሚዩኒቲ አካዳሚ ነው። የዚህም መሥራች በራሱ ድርጅት በኩል ገንዘብ አውጥቷል ተብሎ ተከሰሰና በ2015 መጀመሪያ የትምህርት ቤቱ ፈቃድ ተሰረዘ። ከ1,500 በላይ ልጆች ነበሩበት። ውሳኔው የመጣው ክረምት ሳይገባ ስለሆነ ለመደራደር ጊዜ ነበር። አንዱን ካምፓስ ፍሬንድሺፕ የተባለው ቻርተር ወሰደው። ሌላውን የከተማው ትምህርት ቤቶች አስተዳደር፣ ዲሲፒኤስ፣ ተረክቦ ዛሬ ዋርድ 4 ውስጥ ዶሮቲ ሃይት የተባለ የሰፈር ትምህርት ቤት ሆኗል። በዚያ አካባቢ የሚኖሩ ሀበሾች ያውቁታል። ብዙ ልጆች አዲሱ የትምህርት ዓመት ሲጀምር የተመለሱት ወደዚያው ሕንጻ ነው።

ሦስተኛው የሚያናድደኝ ነው። በኦገስት 2024 ኢግል አካዳሚ የተዘጋው ትምህርት ሊጀመር ሳምንት ገደማ ሲቀረው ነው። ፍሬንድሺፕ ሊረከበው ታስቦ ነበር፤ የከተማው ቦርድ ኦገስት 19 ላይ ዕቅዱን ውድቅ አደረገው። 350 ያህል ሕፃናት፣ አብዛኞቹ ገና ትንንሾች፣ ዩኒፎርም ተገዝቶላቸው፣ ቦርሳ ተሸክመው ሜዳ ላይ ቀሩ። የገንዘቡ ችግር ግን በአንድ ሌሊት የመጣ አልነበረም። የትምህርት ቤቱ ኃላፊዎች ነገሩን ሲያድበሰብሱ፣ ተቆጣጣሪው ቦርድም ሲያይና ሲዘገይ ነው እዚያ የተደረሰው። እኔ መዝጋትን አልቃወምም፤ በኦገስት መዝጋትን ግን ከምዝበራው አሳንሼ አላየውም።

አንቺ ገና በጃንዋሪ ነው የተነገረሽ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። የዲሲ የትምህርት ቤት ሎተሪ (ቦታ በዕጣ የሚደለደልበት)፣ ማይ ስኩል ዲሲ፣ ከፕሪኬ እስከ 8ኛ ክፍል ላሉ ልጆች የሚዘጋው ማርች መጀመሪያ ላይ ነው። አሁኑኑ ግቢበት።

ከትንሹ እንጀምር፣ የሱ ይቀላል። ዘንድሮ ፕሪኬ 4 ከሆነ ለከርሞ ኪንደርጋርተን ይገባል። በዲሲ ከኪንደርጋርተን ጀምሮ እያንዳንዱ ልጅ የሰፈሩ ትምህርት ቤት ውስጥ ቦታ አለው፤ ሎተሪ አያስፈልገውም፣ ሞልቷል አይባልም። ባለፈው ዓመት ቢሆን ኖሮ ይህን ልልሽ አልችልም ነበር፤ ለፕሪኬ የሰፈር ትምህርት ቤትም በሎተሪ ነው። የሰፈራችሁ የትኛው እንደሆነ አድራሻሽን ብቻ ነግረሽ በስልክ ማወቅ ይቻላል። ሄደሽ እይው። ብዙ ወላጅ የሰፈሩን ትምህርት ቤት ውስጡን ሳያይ ስሙን ሰምቶ ብቻ ይፈርድበታል።

የትልቋ ግን ማሰብ ይፈልጋል። ለከርሞ 5ኛ ክፍል ናት። የዲሲፒኤስ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአብዛኛው በ5ኛ ያበቃሉ፤ ሚድል ስኩላቸው ከ6ኛ ይጀምራል። ስለዚህ ወደ ሰፈር ትምህርት ቤት ከወሰድሻት ለአንድ ዓመት ብቻ ገብታ እንደገና ልትቀይር ነው። በሦስት የትምህርት ዓመት ሦስት ትምህርት ቤት መሆኑ ነው። ብዙዎቹ የቻርተር ሚድል ስኩሎች ደግሞ የሚጀምሩት ከ5ኛ ክፍል ነው። ዋሽንግተን ላቲንና ቤሲስ እንዲህ ናቸው፣ ኪፕ ከሚባሉት ቻርተሮችም እንዲሁ ከ5ኛ የሚጀምሩ አሉ። 5ኛ ለነሱ መግቢያ ክፍል ስለሆነ ብዙ ቦታ የሚከፈተው እዚያ ላይ ነው፤ 6ኛ ላይ ስትመጪ ያለው ከተጠባባቂ ዝርዝር የሚተርፈው ነው። እንዲያውም ትምህርት ቤቱ ባይዘጋም ዘንድሮ ይህን ሎተሪ መሙላት ነበረብሽ። እኔ ብሆን ለትልቋ እስከ 8ኛ ወይም እስከ 12ኛ የሚያደርሷትን አስቀድሜ እጽፋለሁ፤ የሰፈሩን እንደ መጠባበቂያ እይዛለሁ።

ፎርሙ ላይ እስከ 12 ትምህርት ቤት መጻፍ ይቻላል። በእውነት የምትፈልጊውን አንደኛ ብለሽ ጻፊ። «እዚያ አይደርሰንም፣ ስለዚህ የሚደርሰንን ላስቀድም» የሚል ስሌት በኛ ሰው ዘንድ የተለመደ ነው። ኪሳራ ብቻ ነው። አሠራሩ ከላይ ስለጻፍሽ አይቀጣሽም፤ አንደኛው ካልደረሰሽ ሁለተኛው ላይ ያለሽ ዕድል አይቀንስም። እህትና ወንድም አንድ ቦታ ቅድሚያ የሚያገኙበት አሠራርም አለ። ትምህርት ቤታቸው ለሚዘጋ ልጆች ቅድሚያ የሚሰጥ ካለም የሎተሪውን ቢሮ ደውለሽ ጠይቂ። ከልጅሽ ክፍል ሦስት አራት የምትቀርቧቸው ቤተሰቦች ካሉ ዝርዝራችሁን ተነጋግራችሁ አስገቡ። ልጅ አዲስ ግቢ ውስጥ አንድ የሚያውቀው ፊት ካለ ሴፕቴምበር ይቀለዋል።

አሁን የትንሹ አይኢፒ። ይህን ሁለት ጊዜ አንብቢው። አይኢፒው የትምህርት ቤቱ አይደለም፣ የልጅሽ ነው። በፌዴራሉ ሕግ መሠረት አዲሱ ትምህርት ቤት የራሱን ዕቅድ እስኪያወጣ ድረስ ተመጣጣኝ አገልግሎት መስጠት አለበት። «መጀመሪያ እኛው እንመርምረውና ከዚያ እንጀምራለን» ቢሉሽ፣ መመርመር ይችላሉ፤ እስከዚያ ቴራፒውን ማቆም ግን አይችሉም። የዓመቱ የአይኢፒ ስብሰባ ከጁን በፊት እንዲደረግ በጽሑፍ ጠይቂ። ልጁን የሚያውቁት ሰዎች ሳይበተኑ መሆን አለበት።

ሌላም አለ። የስፒች ቴራፒስቶች ብዙ ጊዜ የሚሠሩት በኮንትራት ነው፤ ገንዘብ ያጠረው ትምህርት ቤት ደግሞ ቶሎ የሚያቋርጠው ኮንትራት ነው። ከዛሬ ጀምሮ በየሳምንቱ ስንት ቀን እንደታየ ካላንደር ላይ ምልክት አድርጊ። የተዘለለው ቀን ከበዛ ልጁ ማካካሻ የመጠየቅ መብት አለው። ያኔ ያንቺ ካላንደር ማስረጃ ይሆናል።

በነካ እጄ፣ ልጁ የዘገየው ቤት ውስጥ አማርኛ ስለምታወሩ ነው የሚልሽ ሰው ካለ አትስሚው። ሁለት ቋንቋ መስማት የንግግር መዘግየት አያመጣም። አማርኛችሁን ቀጥሉ።

ወረቀት። አገር ቤት ልጅ ትምህርት ቤት ሲቀይር መሸኛ ይዞ ነው። እዚህ አዲሱ ትምህርት ቤት ከአሮጌው ይጠይቅና ሪከርዱ ይላክለታል። ለተዘጋ ትምህርት ቤት ግን ስልክ የሚያነሳ ሰው ኦገስት ላይ ላይኖር ይችላል። ሪከርዱ አይጠፋም፣ የሚረከብ አካል አለ፤ እሱን እስክታገኚ ግን ሳምንት ይሄዳል። ስለዚህ ኮፒውን ራስሽ ያዢ። የሁለቱም ሪፖርት ካርድ፣ የክትባት ወረቀት፣ የትንሹ አይኢፒና የተመረመረበት ሙሉ ሪፖርት፣ የትልቋ የፈተና ውጤት፣ የእንግሊዝኛ ድጋፍ የምታገኝ ከሆነም የቋንቋ ፈተናዋ ውጤት። ማርች ላይ ጠይቂ፤ ጁን ላይ ሁሉም ወላጅ አንድ መስኮት ላይ ይሰለፋል። የ4ኛ ክፍል አስተማሪዋንም ስለ ልጅሽ ግማሽ ገጽ ጻፊልኝ በያት። በምን ትጎብዛለች፣ በምን ትቸገራለች፣ ምን ዓይነት መጽሐፍ ትወዳለች። ሪፖርት ካርድ ይህን አይናገርም፣ አዲሷ አስተማሪ ደግሞ ትፈልገዋለች።

እስከ ጁን ያለውን ጊዜ ቀላል አድርገሽ አትይው። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚያች ከተማ የተዘጉ ትምህርት ቤቶችን አጥንተው በ2009 ሲያወጡ፣ ልጆቹ በንባብና በሒሳብ ይበልጥ የተጎዱት አዲስ ቦታ ከገቡ በኋላ አልነበረም። የሚዘጋ መሆኑ በታወጀበት ዓመት ነው። ግልጽ ነው፤ አስተማሪው ሥራ ይፈልጋል፣ ዳይሬክተሩ ጠበቃ ያነጋግራል፣ ወላጁ ይሰባሰባል፣ የክፍልፋይ ትምህርት መሐል ላይ ይንጠለጠላል። 4ኛ ክፍል ክፍልፋይ የሚጠብቅበት ዓመት ነው። የቤት ሥራ መምጣት ካቆመ ምልክት ነው፤ ሄደሽ ጠይቂ። በአቅራቢያሽ ያለ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ለተማሪዎች ነጻ እገዛ ካለው ቅዳሜ ውሰጃት።

የስታንፎርዱ የጥናት ማዕከል ክሬዶ ደግሞ በ2017 በ26 ክፍላተ ሀገር የተዘጉ ትምህርት ቤቶችን አይቶ ነበር። ከተበተኑት ልጆች የተሻለ ትምህርት ቤት የገቡት ከግማሽ ትንሽ ያነሱ ናቸው። እነሱ ተሻሻሉ። የቀሩት አልተሻሻሉም። ስለ ሎተሪው እንዲህ የምጨቀጭቅሽ ለዚህ ነው።

ሌላ ስብሰባ ሲጠሩ ሂጂ። እንደ ባለፈው ሰው ለቅሶ ላይ እንዳለ ሆኖ አይለፍ፤ እነዚህን ጠይቁ። እስከ ጁን ደመወዝ የሚከፈልበት ገንዘብ አለ ወይ? የኤፕሪሉ ክፍያ ለምን ለምን ነው የሚውለው? ይህን የሚረከብ ትምህርት ቤት እየተፈለገ ነው ወይስ ሕንጻው ሊሸጥ ነው? ከአስተማሪዎቹ እነማን ይቀራሉ? በየሳምንቱ የሚደወልለት ሰው ማነው? መልሱን በጽሑፍ ጠይቁ። የከተማው ቦርድ ስብሰባዎች ለሕዝብ ክፍት ናቸው፤ አስቀድሞ የተመዘገበ ሰው መናገር ይችላል። ፊርማ ከሚያሰባስቡት ጋር ተጣልተሽ አትቅሪ። «አይዘጋ» የሚለውን ትታችሁ «ተረካቢ ይፈለግለት፣ ልጆቹ አብረው ይሂዱ» ብላችሁ ጻፉ በያቸው። ያንን እኔም እፈርምላችኋለሁ።

አስተርጓሚ ጠይቂ፣ አትፈሪ። ዲሲ በ2004 ባወጣው ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች በነጻ አስተርጓሚ ማቅረብ አለባቸው፤ አማርኛ ደግሞ በዚህ ከተማ ዋና ከሚባሉት ቋንቋዎች አንዱ ነው። የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኝ ትምህርት ቤትም ወላጅ በሚገባው ቋንቋ የማስረዳት ግዴታ አለበት። የ4ኛ ክፍል ልጅሽ አስተርጓሚ ሆና የራሷን ትምህርት ቤት መርዶ ላንቺ እንድትነግርሽ መደረግ የለበትም።

ለእሷ ጥያቄ የምትመልሺው አጭር ይሁን። «አይደለም የኔ ልጅ። እናንተ ምንም አላጠፋችሁም። ትልልቅ ሰዎች ገንዘብ በደንብ አልያዙም፣ ስለዚህ ሌላ ትምህርት ቤት እንፈልጋለን።» ስም እየጠራሽ «ሌቦች» አትበያት። ነገ ጠዋት እነዚያኑ ሰዎች በር ላይ «ደህና አደራችሁ» ብላ ነው የምትገባው። የትምህርት ቤቶቹን ጉብኝት ግን ውሰጃት፤ ሁለት ሦስቱን አይታ የራሷን ምርጫ ትንገርሽ። ውሳኔው ያንቺና የአባቷ ነው፣ ቢሆንም የእሷ አንደኛ የትኛው እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማችኋል።

መጓጓዣው እንዳያስፈራሽ። የዲሲ ተማሪዎች በነጻ ካርድ አውቶቡስና ሜትሮ ይሳፈራሉ። አንቺን ይበልጥ የሚያስጨንቅሽ አፍተርኬር ነው። የሆቴል ሺፍት ልጆቹ ከትምህርት ሲወጡ አይለቅሽም። ትምህርት ቤት ስትጎበኚ ከትምህርት በኋላ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚያቆዩ፣ ዋጋው ስንት እንደሆነና መቼ እንደሚሞላ ጠይቂ። ለብቻው የሚመዘገቡበት ነው፣ ቶሎም ያልቃል።

የባለቤትሽን ሐሳብ መጨረሻ ላይ ያደረግሁት በእሱ ላይ ጠንከር ማለት ስላለብኝ ነው። የወንድሙ አድራሻ አይሆንም። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ የነዋሪነት ማስረጃ ይጠይቃል፣ ይመረምራልም። ዲሲም በተቃራኒው ሜሪላንድ እየኖሩ ልጆቻቸውን እዚህ ያስተማሩ ወላጆችን ፍርድ ቤት አቁሞ የብዙ ዓመት ክፍያ ጠይቋል፤ ይህ ነገር ቀልድ አይደለም። የወረቀት ጉዳያችሁ ገና ያላለቀ ከሆነ ደግሞ በሐሰት ፊርማ መጫወት ጭራሽ አይታሰብም። ከዚህ ሁሉ በላይ ልጆቹ በየቀኑ «የምንኖረው አጎታችን ቤት ነው» እያሉ እንዲዋሹ ልታለማምዷቸው ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ መግባት ከፈለጋችሁ በእውነት ግቡ፤ የኪራይ ውሉ በስማችሁ ይሁን፣ ኪራዩንና የሥራ መንገዳችሁን አስሉት። ያ ካልሆነ የዲሲ የደመወዝ ወረቀታችሁንና የኪራይ ውላችሁን አዘጋጁ፤ ምዝገባው ላይ የሚጠየቀው እሱ ነው። ሎተሪውንም በዚህ ሳምንት ሙሉት።